የጓድ ዳልጮ የክብሪት ቀፎ

በየከተማው ሳይጠሩት የሚመጣ፣ ሲሸሹት ቀድሞ የሚጠብቅ፣ ሰላምታውን ሳይጨርስ ጓዳ የሚገባ አንድ ሰው አለ። እንዲህ ያለ ሰው የሌለበት ከተማ ካለ ገና አልተቆረቆረም ማለት ነው። አንዱ ከተማ ውስጥ ይህ ሰው የዕድር ዳኛ ይሆናል፤ ሌላው ውስጥ የቀበሌ ጸሐፊ። በ1978 ዓ.ም. አርባ ምንጭ ላይ ግን ሳኒታሪያን፣ የጤና ጥበቃ የንጽሕና ተቆጣጣሪ፣ ነበር። ስሙም ክቡር ጓድ ዳልጮ ኦይታ፣ የጋሞ ጎፋ ክፍለ ሀገር ትሎች ሁሉ ቀንደኛ ጠላት።

ክቡርነቱን የሰጠው መንግሥት አይደለም። የሰጡት ከታችኛው ሰፈር ከሲቀላ እስከ ላይኛው ሴቻ ድረስ፣ ገና ከሩቅ ሲያዩት መንገድ የሚያቋርጡ ሰዎች ናቸው።

ሌላው ሰው “እንዴት አደርክ?” ሲል ዳልጮ “ውሃ ከየት ነው የምትቀዱት?” ይላል። ሌላው “ልጆች ደህና ናቸው?” ብሎ ሲጠይቅ፣ እሱ “ሽንት ቤታችሁ ጥልቀቱ ስንት ነው?” ብሎ ከኮቱ ኪስ የአናጢ ሜትሩን ይመዛል። ለቅሶ ቤት ገብቶ “እግዚአብሔር ያጽናችሁ” ይልና ወደ ጓሮ ይዞራል። ሐዘንተኛው አንዱን ጉድጓድ ሳይረሳ ሌላ ጉድጓድ ሲያስለካ ይውላል። አንድ ሰርግ ላይ ሙሽራውን “እጅህን ታጥበሃል?” አለው። ሚዜዎቹ ሊደበድቡት ተነሱ፤ እጃቸውን ታጥበው ተመልሰው ተቀመጡ።

አንድ ቃል አለው። በስብሰባ፣ በአውቶቡስ፣ በሆቴል በረንዳ ላይ ጣቱን ቀስሮ ይናገረዋል፦ “ሰገራ አይዋሽም!”

ሲጋራ በዕድሜው አፉን ነክቶት አያውቅም፤ ጴንጤ ነው። የከተማውን አጫሽ ሁሉ ግን በስም ያውቃል። ክብሪት በቀበሌ ሱቅ በወረፋ በሚሸጥበት በዚያ ዘመን ባዶ የክብሪት ቀፎ ሲለምን ይውላል።

“አለቀ?”

“ሁለት እንጨት ቀርቷል፣ ጋሽ ዳልጮ።”

“በል እንግዲህ አጭስና ስጠኝ።”

ባዶው ቀፎ ወደ አንድ ቤት ይሄዳል። በማግስቱ ሲመለስ ባዶ አይደለም። እየከፈተ በማይክሮስኮፕ የሚያየው ደግሞ ሸዋንዳኝ ነው።

ሸዋንዳኝ የደብረ ብርሃን ልጅ ነው። በላብራቶሪ ቴክኒሺያንነት ተመርቆ አርባ ምንጭ ከተመደበ ሁለት ዓመቱ ነው። በቀን ስልሳ ቀፎ ይከፍታል። ሦስት ጊዜ የዝውውር ማመልከቻ አስገብቷል፤ ምክንያቱን “የአየሩ ጠባይ አልተስማማኝም” ብሎ ጽፏል። የአየሩ ጠባይ ስሙ ዳልጮ ነበር። ምክንያቱም ዳልጮ በየሳምንቱ ሰኞ አንድ ባዶ ቀፎ ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጥና “ይቺ ያንተ ናት” ይለዋል። ሸዋንዳኝ ቀፎዋን አንስቶ ከሌሎቹ ጋር ይቀላቅላታል። በሚቀጥለው ሰኞ ሌላ ትመጣለች።

ነገሩ የጀመረው ሸዋንዳኝ በመጣ ሰሞን ኩልፎ ወንዝ ላይ ነው። ሸዋንዳኝና አራት የመንግሥት ሠራተኞች አንድ እሁድ ውሃው ቀዝቀዝ በሚልበት ጥግ ሲዋኙ፣ ዳልጮ እስከ ጉልበቱ በሚደርሰው የጎማ ቦቲው እየተንቋቋ መጣ። ልብሳቸውን ሰብስቦ ከሥሩ አነጠፈና ተቀመጠበት።

“ጋሽ ዳልጮ፣ ልብሳችንን!” አለ ሸዋንዳኝ እስከ አንገቱ ውሃ ውስጥ እንዳለ።

“መጀመሪያ ስለ ቀንድ አውጣው ስሙ። ቢልሃርዚያ በእሷ ውስጥ ታድጋለች፤ ወጥታ ውሃው ላይ ትንሳፈፋለች፤ የሰው ቆዳ ስታገኝ በስታ ትገባለች።”

“ስንሰማህ እኮ እየገባብን ነው!”

“ይገባል። ለዚህ ነው በጥሞና ማዳመጥ ያለባችሁ።”

በመንገዱ ሴቶች ገበያ ይሄዱ ስለነበር መውጣት አልተቻለም። ትምህርቱ አርባ ደቂቃ ፈጀ። አንደኛው ሠራተኛ አዞውን እንጂ ቀንድ አውጣውን አልፈራም ቢል፣ ዳልጮ “አዞ የበላው ሰው ይለቀስለታል፤ ቢልሃርዚያ የበላው ግን ሰነፍ ይባላል” ብሎ ልብሱን በመጨረሻ ሰጠው።

ይህ ሰው ነው እንግዲህ በዚያ ዓመት ስድስት መንደር ዞሮ ሁለት መቶ አርባ ቀፎ የሰበሰበው። ጉዳዩ ሲሚንቶ ነበር። ለአንድ ምንጭ ማጎልበቻ የሚበቃ ሲሚንቶና ቧንቧ መጥቷል፤ የሚሰጠውም ከስድስቱ መንደሮች በትል ክፉኛ ለተጎዳችው ለአንዷ ነው። ከየመንደሩ የአርባ ሰው ሰገራ ይመረመራል፤ ዓርብ በስድስት ሰዓት ኮሚቴው ይወስናል፤ ቅዳሜ መኪናው ይጫናል። ዳልጮ ለመንደሮቹ ስለ ምርመራው ነገራቸው፤ ስለ ሲሚንቶው ግን ትንፍሽ አላለም።

የዛምባ ቀፎዎች የደረሱት ሰኞ ነበር። ዛምባ ከኦቾሎ ተዳፋት ግርጌ፣ ወደ አባያ ሐይቅ ዝቅ ብላ ያለች መንደር ናት። ሸዋንዳኝ ከሰዓት በኋላ አርባውን መረመረ። አርባውም ንጹሕ ነበር። አንድ ነገር ግን አየ። አየና ሰዓቱን ተመለከተ፤ አሥራ አንድ ሊሆን ነው። “ዛምባ፦ ከአርባ ዜሮ” ብሎ ፈረመ።

ማክሰኞ ጠዋት ዳልጮ ወረቀቱን ይዞ ላብራቶሪ ገባ። ስለ ሽንት ቤት አልጠየቀም። ሸዋንዳኝ ያኔ ደነገጠ።

“ዛምባ ዜሮ?”

“ዜሮ።”

“ወስፋት እንኳ የለም?”

“ሰገራ አይዋሽም የምትለው ራስህ አይደለህ?”

“አይዋሽም። ስለዚህ የዋሸው ሌላ ነው።” ዳልጮ በርጩማ ስቦ ተቀመጠ። “ልክነሽ የምትባል ሴት አለች እዚያ። የሰባት ዓመት ልጇ ሆዱ እንደ ከበሮ ተነፍቷል፤ ደም ነው የሚያስቀምጠው። የእሱም ቀፎ ከአርባዎቹ አንዱ ነው። ሸዋንዳኝ፣ ምን አየህ?”

“እንቁላል የለም አልኩህ።”

“ያላየኸውን አይደለም የጠየቅኩህ።”

ሸዋንዳኝ ማይክሮስኮፑን በጨርቅ ጠረገ። ቀድሞም ንጹሕ ነበር።

“የበርበሬ ፍሬ። ሀላኮ የምትሉት የሽፈራው ቅጠል” አለ በመጨረሻ።

“ሀላኮማ ሁሉም ቤት ይበላል። ስንቱ ላይ?”

“አርባው ላይ። ስጋም አለበት። አርባው ላይ።”

“አርባ ሰው በአንድ ቀን ስጋ በላ? በዛምባ?” ዳልጮ ተነሳ። “አርባ ሰው በአንድ ሆድ ነው የበላው። አንተም አይተሃል፤ አይተህም ፈርመሃል።”

ነገሩ ቀላል አልነበረም። ወረቀቱ ላይ ማኅተም አርፏል። በዚያ ዘመን ማኅተም ያረፈበት ነገር ስህተት አይባልም፤ ስህተት ነው ያለ ሰው አሻጥር በሚል ስም ይጠየቃል። የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ ጓድ አስናቀ ሁለቱን በየተራ አዩዋቸው።

“ጓድ ዳልጮ፣ አንድ መንደር ከትል ነፃ ወጣ ብሎ የሚያለቅስ የጤና ሠራተኛ አንተን አየሁ።”

“ነፃ አልወጣም፣ ጓድ ኃላፊ። ተሸሸገ።”

“ያለ አዲስ ማስረጃ አልነካውም። ዓርብ ስድስት ሰዓት። ማስረጃ ካላመጣችሁ ደግሞ…” ጓድ አስናቀ ቀሪውን አልተናገሩም። ሸዋንዳኝ ግን ሰማው።

ረቡዕ ማለዳ በእርሻ ድርጅት የጭነት መኪና ላይ ተሳፍረው መገንጠያው ላይ ወረዱ። ከዚያ ሁለት ሰዓት በእግር። ሸዋንዳኝ ወደ ገበሬ ማኅበሩ ጽሕፈት ቤት የሚሄዱ መስሎት ነበር። ዳልጮ ጽሕፈት ቤቱን አልፎ ሄደ።

“እዚያ ከጠየቅኳቸው ለመንግሥት የሚሰጠውን መልስ ነው የሚሰጡኝ። ዱቡሻ ነው የምንሄደው።”

ዱቡሻ የጋሞ ሽማግሌዎች የሚሸመግሉበት አደባባይ ነው፤ ትልቅ ሾላ፣ ከሥሩም የድንጋይ መቀመጫ አለው። እዚያ የተዋሸ ውሸት ጎሜ የሚሉት ነውር ይሆናል፤ ጎሜ ደግሞ ዝናብ ያስቀራል፣ ላም ያስወርዳል፣ ሕፃን ያሳምማል ይባላል። መንግሥት ኋላ ቀር ልማድ ብሎታል። የዳልጮ ቤተ ክርስቲያን ደግሞ የሰይጣን ሸንጎ ትለዋለች።

“አንተ ጴንጤ አይደለህም እንዴ?” አለ ሸዋንዳኝ።

“ነኝ። ይህን ሲሰማ ቢሮው ሂስና ግለ ሂስ ላይ ያቆመኛል፤ ቤተ ክርስቲያኔ ከመዝሙር ታግደኛለች። አንተ ድንጋዩ ላይ እንዳትቀመጥ ብቻ፤ የሽማግሌ ቦታ ነው።”

ሽማግሌዎቹ እርጥብ ሣር ይዘው በታላቅነት ተራ ተቀመጡ። በዱቡሻ ታናሽ ታላቁን አይቀድምም። በሕይወቱ ተራውን ጠብቆ የማያውቀው ዳልጮ፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ጠፋች ጊደርና ስለ ድንበር ክርክር ሲወራ ሦስት ሰዓት ሙሉ አፉን ዘግቶ ቆመ። ሸዋንዳኝ ይህን ለማየት ብቻ ሌላ ሁለት ሰዓት በእግሩ ይሄድ ነበር።

ተራው ሲደርስ በጋሞኛ አንድ ጥያቄ ጠየቀ፤ ዞር ብሎም ለሸዋንዳኝ በአማርኛ ደገመለት። “አርባው ቀፎ የአርባ ሰው ነው ወይ?”

የመንደሩ ሹም ሀላቃ ደበሌ በእጃቸው ያለውን ሣር ቆጠሩት። አንዱ ሽማግሌ ሾላው ላይ ወፍ አየ። ከኋላ አንድ ቀጭን ሰው እያመነታ ተነሳ፤ ካሱ ይባላል።

“የኔ ነው” አለ።

“ስንቱ?”

“ሁሉም።”

ካሱ ባለፈው ወር አርባ ምንጭ ሐኪም ቤት ተኝቶ የትል መድኃኒት ሁሉ ተሰጥቶት ነበር። መንደሩ ተመካከረ። አምና በጥጥ ለቀማ አንደኛ የወጣችው መንደር ሬዲዮ ተሸልማለች፤ ዘንድሮ ውድድሩ በሰገራ ከሆነ፣ ከዛምባ ሆድ ሁሉ የታጠበው የካሱ ነው። ስለዚህ ፍየል ታርዶለት፣ አርባ ቀፎ እስኪሞላ ሦስት ቀን ቀለቡ ተሰፈረለት።

“እንደ ሙሽራ ነው ያበሉኝ” አለ ካሱ። “ሠላሳኛው ላይ አቃተኝ። ግን ለመንደሬ ብዬ…”

ሳቁ ከሽማግሌዎቹ ጀመረ። ዳልጮ ብቻ አልሳቀም። ሲሚንቶው ለማን እንደሚሰጥ ያኔ ነገራቸው። ሳቁ ቆመ።

“ትል ላለበት ነው የሚሰጠው?” አሉ ሀላቃ ደበሌ ተቆጥተው። “ታዲያ ይህን ቀድመህ ለምን አልነገርከንም?”

“ብነግራችሁማ ትል ያለበት ሰው ከሌላ መንደር ትበደሩ ነበር።”

እውነት ነበር።

ነገሩ ግን አላለቀም። አንድ ሽማግሌ ተነስተው፣ ዛምባ የትል መንደር ተብላ ወረቀት ላይ ከሰፈረች ከኦቾሎም ከጨንቻም ሴት ልጆቻችንን የሚያገባ አይገኝም አሉ። ብዙዎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። ሌላው፣ ሬዲዮው ይቅርብን እንጂ ስማችን አይጥፋ አሉ። ሸንጎው ወደ እምቢታው እያዘነበለ ነበር።

በዱቡሻ ሴት አትናገርም። ልክነሽም አልተናገረችም። ከዳር ቆማ ስትሰማ ቆይታ እንስራዋን አወረደች፤ ከቦዩ የቀዳችውን ውሃ በቅል ሞላች፤ ቅሏንም አምጥታ ሀላቃው ፊት መሬት ላይ አስቀመጠች። ልጇ ቀሚሷን ይዞ አጠገቧ ቆመ፤ ከሆዱ በታች እግሮቹ የሌላ ልጅ ይመስሉ ነበር።

ቅሏ ውስጥ ያለው ውሃ የሻይ መልክ ነበረው። ሽማግሌዎቹ ቅሏን እያዩ እርስ በርስ ተያዩ። ቀኑ ሞቃት ነው፤ ከጠዋት ጀምሮ የተናገሩ ሰዎች ናቸው፤ ጠምቷቸዋል። ማንም እጁን አልዘረጋም።

ሀላቃ ደበሌ በእጃቸው የያዙትን ሣር በቅሏ ላይ አኖሩ። ጉዳዩ ተቆረጠ ማለት ነው።

“አሁን ቀፎ ስጠን” አሉ።

ቀፎ አልነበረም። የፊተኞቹ አርባ ከነጉዳቸው ተቃጥለዋል፤ ሌላ አርባ ለማግኘት ደግሞ የአርባ ምንጭ አጫሽ ሁሉ ወር ሙሉ ሳያቋርጥ ማጨስ ነበረበት። ዳልጮ ዙሪያውን አየ። ሙዝ ተክሎ የሚኖር መንደር ነው። ወንዶቹ ደግሞ ሸማኔዎች ናቸው። ቅጠሉ በልክ ተቆረጠ፤ ክሩ ተገመደ። እያንዳንዱ ቤት የራሱን ጥቅል በራሱ ጥለት ክር አሰረ፤ በቤቱ ውስጥ ታላቁ አንድ ቋጠሮ፣ ታናሹ ሁለት። ከዚህ በኋላ የሰው ስም በፊደል መጻፍ ትርፍ ነበር።

ሐሙስ ማለዳ ዳልጮ በበቆሎ ማሳ ዳር ጀርባውን ሰጥቶ ቆመ። ማንም የማንንም እንዳይሰጥ አንድ በአንድ እያስገባ፣ እየተቀበለ፣ ለሰዎቹም ክብር ሲል ጮክ ብሎ መዝሙር ዘመረ። ድምፁ ከትል ያልተናነሰ መከራ ነው። ሸዋንዳኝ ቋጠሮ እየቆጠረ በደብተር መዘገበ። ካሱ ሊሰለፍ መጥቶ ነበር፤ መንደሩ በአንድ ድምፅ መለሰው።

ጥቅሎቹን በቅርጫት ይዘው መኪናው ላይ ሲወጡ አጠገባቸው የተቀመጠ ሰው አሸተተ፤ ጉንፋን ሳይዘው አልቀረም።

“ወንድም፣ ዳቦ ነው? አንድ ሽጥልኝ።”

“የመንግሥት ነው” አለ ዳልጮ። “አይሸጥም።”

ሸዋንዳኝ ሐሙስን እስኪመሽ፣ ዓርብን ከጎህ ጀምሮ ዓይኑን ከማይክሮስኮፑ አላነሳም። ለሁለት ዓመት ለማምለጥ የቆጠራቸው ሰዓቶች አሁን አልበቁትም። ጎኑ ላይ እሾህ ያለው የቢልሃርዚያ እንቁላል፣ የመንጠቆ ትል እንቁላል፣ ወስፋት። በየጥቅሉ የተበላው ምግብ የተለያየ ነው፤ የሚኖርበት ትል ግን ዘመድ ነው። አምስት ሰዓት ተኩል ላይ ደመረ፤ ከአርባ ሠላሳ አንድ። ሁለተኛዋ መንደር ሃያ አራት ነበረች።

ከዚያ ብዕሩን አንስቶ ከሠላሳ አንዱ በታች ጻፈ፦ “የመጀመሪያው ውጤት ስህተት ነው። ስህተቱን አይቼ ፈርሜያለሁ።” ስሙንም ሙሉ አድርጎ ጻፈ። ዳልጮ በትከሻው ላይ አንብቦ በሩን ከፈተለት።

ጓድ አስናቀ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበቡት። ማኅተሙን ሲያነሱ እጃቸው ዘገየ፤ በመጨረሻ አሳረፉት። “ለአንተ ማስጠንቀቂያ እጽፋለሁ” አሉት ሸዋንዳኝን። ጻፉም። ሲሚንቶው ቅዳሜ ወደ ዛምባ ተጫነ። የልክነሽ ልጅ የተሰጠውን መድኃኒት ተፍቶ፣ ዳልጮ ሁለተኛ እንዳስዋጠው፣ ሦስተኛውን ሲያይ ራሱ አፉን እንደከፈተ ተነገረ። ቤተ ክርስቲያኑ ዳልጮን ለሦስት ወር ከመዝሙር አገደችው፤ ከእሱ በቀር ያዘነ ሰው አልተሰማም።

ሰኞ ጠዋት ሸዋንዳኝ ቀድሞ ቢሮ ገባ። በሩን ዘግቶ ከኪሱ አንድ የክብሪት ቀፎ አወጣ። ስም አልጻፈበትም። ስላይዱን አዘጋጀ፤ አጎነበሰ፤ ለረጅም ጊዜ አየ። እንቁላሏ መካከል ላይ ነበረች፤ እሾኋም ጎኗ ላይ።

“ሰገራ አይዋሽም” አለ ለባዶው ክፍል።

“አይዋሽም” አለ ክፍሉ።

ዳልጮ በሩ ላይ ቆሟል፤ የሰኞዋ ባዶ ቀፎ በእጁ። ቀፎዋን ወደ ኪሱ መለሰና ከሌላው ኪሱ የተጣጠፈ ፖስታ አወጣ። ፖስታው ጠርዙ ተላልጧል። ላዩ ላይ “ሸዋንዳኝ፣ 58 ኪሎ” የሚል ጽሑፍ አለ፤ ከሥሩ ቀን። ቀኑ የዚያ የኩልፎው እሁድ ማግስት ነበር። ውስጡ የቢልሃርዚያ ክኒን ነው፤ በአገሩ እንደ ወርቅ የሚፈለገው።

“ከየት አመጣኸው?”

“በዓመቱ ለመስክ ሠራተኛ ለየራሳችን የሚታደል አለ። የኔ ድርሻ ነው። እኔ ኩልፎ አልዋኝም።”

“ሁለት ዓመት ይዘኸው ዞርክ? ለምን ዝም ብለህ አልሰጠኸኝም?”

“ሳይመረመር መድኃኒት አይሰጥም” አለ ዳልጮ ተቀይሞ። “ደግሞ ጊዜው በሚቀጥለው ወር ያልፋል። ለዚህ ነው ሰሞኑን ይበልጥ የጨቀጨቅኩህ።” ከራስ እስከ እግሩ አየው። “ወፍረሃል። ስድሳ ሁለት ትሆናለህ፤ ግማሽ ክኒን እጨምርልሃለሁ። ምግብ በልተህ ዋጠው። ከስድስት ሳምንት በኋላ ደግሞ ሌላ ቀፎ ታመጣልኛለህ።”

ሸዋንዳኝ መሳቢያው ውስጥ ተጽፋ ያለቀች አራተኛ የዝውውር ማመልከቻ ነበረችው፤ ፊርማ ብቻ ነው የቀራት። ዳልጮ ከወጣ በኋላ አወጣትና ቀኑን አየ። ከስድስት ሳምንት በኋላ ወዳለ ቀን አስተካከላት። ስድስቱ ሳምንት ሲያልቅ ቀፎውን አስረከበ፤ ማመልከቻዋን ግን የት እንዳስቀመጣት ሊያስታውስ አልቻለም። አጥብቆም አልፈለጋትም።